ሃያ ሁለት ቋጠሮ

«አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ...» እናቷ የብስኩት ቆርቆሮውን ምንጣፉ ላይ ዘርግፋ፣ ትሎቹን በምላጭ ጫፍ እያገላበጠች ትቆጥራለች።

ቡርቱካን ከአራት ኪሎ በእግሯ መጥታ መግባቷ ነው፤ ደብተሯን እንኳ አላስቀመጠችም። «እማዬ፣ እንዳትነኪያቸው!»

«ሃያ ሁለት! ሁሉም ወገባቸው ላይ በሐር ክር ተቋጥረዋል። ሠርጉ እሑድ ነው። ታናሽሽ ቀድማሽ ብታገባ ሙሽራዋን ለሜሳን ልታስሪባት? ጃንሆይ ዩኒቨርሲቲ የከፈቱት ይኼን እንድትማሪ ነው?»

ታናሽ እህቷ ሾዴ የሠርግ ቀሚሷን ታቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። በድግምት ክር ተቋጥሮ ልብስ ስፌት ውስጥ የተደበቀበት ሙሽራ ከሙሽራይቱ ጋር መተኛት እንደሚያቅተው ጉለሌ ውስጥ ያልሰማ የለም።

«የጎመን ትል ነው!» አለች ቡርቱካን፤ ትዕግሥቷ ድሮም አጭር ነው። «የመመረቂያ ሥራዬ ነው። ትሉን ወደ ቢራቢሮ የሚለውጠው ሆርሞን የሚባል ነገር ነው። ከደረቱ ይመነጭና በደሙ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ክሩ ያግደዋል። ይኸው!»

አንዱን አንስታ አሳየች። ከክሩ ወደ ፊት ያለው ገላ ደርቆ ቡናማ ቅርፊት ሆኗል፤ ከክሩ ወደ ኋላ ያለው ግን አሁንም ለስላሳ አረንጓዴ ትል ነው።

እናቷ አማተበች። «ግማሹ ደርሶ ግማሹ ቀረ! በስመ አብ! አፍሽ መሰከረብሽ።»

በምላጩ ክሮቹን እየተጣደፈች ትበጥስ ጀመር። ክሩ በተበጠሰ ቁጥር ትሉም አብሮ ይቀደዳል። የሦስት ሳምንት ልፋት ነው፤ ሰኞ ለመምህሯ የምታሳየው አንድም አልተረፈም። ቡርቱካን ግን የምታየው ሾዴን ነው። ፊደል ያስቆጠረቻት፣ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ሌት ተቀን ያስጠናቻት እሷ ናት።

«ሾዴ፣ አንቺ ታውቂኛለሽ። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ?»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ!» አለች ሾዴ ፈጠን ብላ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች። «እማዬ ዝም ብላ ነው።»

እናቷ የተበጣጠሰውን ክር ለቃቅማ ጠበል ልትረጭበት ወጣች። ቡርቱካን እፎይ ብላ ምንጣፉን ለመጥረግ ጎንበስ አለች።

ቀና ስትል ሾዴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። የሠርግ ቀሚሷን ገልብጣ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ስፌቱን ከላይ እስከ ታች በጥፍሯ እየዳሰሰች ነው።