ለችኩሏ እናት የተሰጠ ምክር

እኔ የሰማሁትን አልረሳም… የተወለድኩ ቀን አዋላጇ ምን ዓይነት ጫማ አድርጋ እንደነበር ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

ስለዚህ «ይቺ አሮጊት ጨመረችበት» የሚለኝ ሰው እንዳይኖር!

«ቀስ በይማ… እጅሽን ልየው!»

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን አየር ላይ አቆመችው።

«እጄን ምን ልታደርጊው ነው?»

«ልቀርፀው…» አለች ደንበኛዋ፣ ስልኳን ከፍ አድርጋ።

ይቺ ደንበኛ ልብስ ስፌት ነው የምትሠራው። በምሳ ሰዓቷ የስድስት ዓመት ልጇን እየጎተተች፣ ቀሚሷ ላይ ክር ተንጠልጥሎ፣ እያለከለከች ነው የምትገባው። ፀጉር ቤቱ ውስጥ «ችኩሏ» ነው የሚሏት።

ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ በምክሯ የታወቀች ናት…

«ጊዜ የለኝም የምትል እናት ወደ እኔ ትምጣ! ልጆቹ ሳይነሱ ፊትሽን በቀዝቃዛ ውሃ፣ ከንፈርሽን ቫዝሊን፣ ጣትሽ ላይ የተረፈውን ለቅንድብሽ… በሦስት ደቂቃ ሙሽራ ነሽ!»

አንዷ እንዳለቻት አድርጋ ብትወጣ፣ ባሏ «ማንን ፈልገሽ ነው?» አላት አሉ።

ችኩሏ ግን ለራሷ ምንም ጠይቃ አታውቅም። ሻሿን እንኳን አታወልቅም።

«አንቺስ? አንድ ቀን ቁጭ በይና ልሥራሽ እንጂ!»

«የእኔ ይቆይ… ለልጄ ቶሎ የሚያልቅ፣ ሳምንት የሚቆይ ሹሩባ አሳዪኝ። ቤት ውስጥ የሚሠራ።»

ጥያቄዋ ደግሞ አያልቅም። መስመሩ ከየት ይጀምራል? ጣት የት ላይ ይጠብቃል?

ችኩሏ ያን ቀን ስትወጣ፣ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር የማትጠፋ አንዲት የሰፈር ጎረቤት አንገቷን እንደ ኤሊ ብቅ አደረገች።

«አንቺ ሞኝ! ሙያሽን እየዘረፈችሽ እኮ ነው!»

«ምን ልታደርግበት?»

«ፊት ለፊት ያለው ባዶ ሱቅ ቀለም እየተቀባ አይደል? ፀጉር ቤት ልትከፍትብሽ ነዋ!»

ፀጉር ሠሪዋ ሦስት ልጆች ያሳደገችው በዚያች ጠባብ ክፍል፣ በሁለት ወንበርና በአንድ ካስክ ነው። ሌላ ሙያ የላትም።

ወሬው ልቧ ውስጥ ገባ…

በሚቀጥለው ሳምንት ችኩሏ ስልኳን ስታወጣ፣ ፀጉር ሠሪዋ ፈገግ አለች። እንዲህ ዓይነት ፈገግታ አይግጠማችሁ!

«ዋናውን ሚስጥር ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ በእናትሽ!»

«ከመጀመርሽ በፊት ፀጉሯን በቅባት ጥግብ አድርጊው። ከዚያ ላላ አድርገሽ ጎንጉኚ።»

ውሸቷን ነው።

ቅባት የሚቀባው ሹሩባው ካለቀ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተቀባ ፀጉሩ ያዳልጣል… ጠዋት የተሠራው እኩለ ቀን ሳይደርስ ይፈታል።

ለማስመሰል አንዱን ጉንጉን እንደዚያ አድርጋ ሠራችው። ችኩሏ ሁሉንም ቀረፀች። ስትጨርስ አቅፋ ሳመቻት።

«እግዜር ይስጥልኝ እህቴ… ምን እንደሰጠሽኝ አታውቂም።»

ከዚያ ቀረች።

አንድ ወር… ሁለት ወር…

ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ተከፈተ። ጫማ ጠጋኝ ገባበት።

«ሌላ ሰፈር ከፍታ ይሆናላ!» አለች ጎረቤትየዋ። እሷ መቼም አትረታም!

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ረዥም ሰውዬ በሩ ላይ ቆመ። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። ለመግባት አፍሯል።

እጁን የያዘችው የችኩሏ ልጅ ናት።

ግማሽ ፀጉሯ ተጎንጉኗል፣ ግማሹ ተበትኗል። ቅባቱ ጆሮዋ ድረስ ወርዷል።

«አባዬ፣ እሷ ናት! የቪዲዮዋ!»

«ይቅርታ እህቴ፣ ሥራ አስፈታሁሽ…» አለ ሰውዬው። «ልክ እንዳልሽው ነው የማደርገው። ግን አልይዝልኝ አለ። ክፍል ውስጥ ይፈታባታል፣ ልጆቹ ይስቁባታል… የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

«እናቷስ?»

ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አረፈች… ወር ሆናት። የካንሰር ሕክምናው ፀጉሯን ጨርሶት ነበር። እኔ ማበጠሪያ ይዤ አላውቅም። ልጄ ተንጨባራ ትምህርት ቤት እንዳትሄድ ብላ ነው እየሮጠች የቀረፀችልኝ።»

ችኩሏ የምትቸኩለው ለካ ለዚህ ነው…

ስልኩን ከፈተው። የፀጉር ሠሪዋ የራሷ ድምፅ ወጣ።

«ዋናውን ሚስጥር ልንገርሽ?»

ካስክ ስር ያለችው ጎረቤት አንገቷን መልሳ ካስኩ ውስጥ ደበቀች።

«አንተ አልተሳሳትክም» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «አውቄ ነው… ሙያዬን ልትወስድብኝ መስሎኝ።»

ሰውዬው ቢጮህባት ይሻላት ነበር። አልጮኸም።

«እሷ እኮ… እስከ መጨረሻዋ ቀን ስትመርቅሽ ነበር።»

ፀጉር ሠሪዋ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሄዳ ቁጭ አለችና የራሷን ፀጉር ፈታችው።

«ና ወንድሜ። እኔ ላይ ተለማመድ። በውሃ አርጥበው… ጠበቅ አድርገህ ያዝ… ቅባቱ መጨረሻ ላይ ነው።»

የሰውዬው እጅ ከባድ ነው። ፀጉሯን ከሥሩ ሊነቅለው ደረሰ። እንባዋ አገጯ ላይ ደረሰ።

«አባዬ፣ ቀስ በል! እያመማት ነው!» አለች ልጅቷ።

«አያመኝም የኔ ቆንጆ… ያጥብቀው።»

ልጆቼ፣ ትምህርቱ ይሄ ነው… የሚቸኩል ሰው ሲጠይቃችሁ እውነቱን አሳዩት። ለምን እንደቸኮለ አታውቁም።

እናንተ በአባትየው ቦታ ብትሆኑ ይቅር ትሏት ነበር? ወይስ ልጃችሁን ይዛችሁ ትወጡ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

አንቺ የመጨረሻዋ ልጄ ግን፣ ካንቺ ኮሜንት አልፈልግም። ጠዋት ብደውልልሽ «ሥራ ላይ ነኝ እማዬ» ብለሽ ዘግተሽብኛል… ዛሬ ማታ መልሰሽ ደውዪልኝ!