የታችኞቹ ረድፎች

«ፑትሰን» የሚለውን ቃል ስትሰማ የጥሩወርቅ ጆሮ ጋለ። ጀርመንኛዋ ገና ጥሬ ነው፤ ይቺን ቃል ግን ዙሪክ የገባ ስደተኛ ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ ይለምዳታል። ማጽዳት።

«ጋሼ አስፋ፣ ምን አሉት?»

«ቆዪ እስቲ፣ ልጨርስ» አሉ አቶ አስፋ። ዙሪክ አጠገብ ካለችው ከዲቲኮን ከተማ በላይ ባለው የወይን ተዳፋት፣ የመጋቢት ጭቃ ውስጥ፣ በሙሉ ልብስና በከረባት ቆመው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ባለእርሻው ቦስሃርት የመግረዣ መቀሱን እንደጨበጠ ራሱን ይነቀንቃል።

ከጄኔቭ በጧት ባቡር መጥታ እሳቸውን ይዛ የወጣችው ለምልጃ ነው። ሥራ ፈላጊ ራሷን አታወድስም፤ ትልቅ ሰው ያናግርላታል። ያደገችበት ወግ ይኸው ነው። እሳቸው ደግሞ ደርግ ከወንበራቸው እስኪያነሣቸው ድረስ እርሻ ሚኒስቴር የመምሪያ ኃላፊ ነበሩ፤ ጀርመንኛም ያውቃሉ። ቦስሃርት የሚፈልገው ወይን መግረዝ የሚያውቅ ረዳት ነው። እሷ ደግሞ ከዓለማያ ያገኘችውን ዲግሪ፣ ኬላ ላይ ተማሪ መሆኗ እንዳይታወቅባት አቃጥላዋለች። የቀራት ምስክር የጋሼ አስፋ አፍ ብቻ ነው።

አቶ አስፋ ደስ እያላቸው ዞር አሉ። «‹ምንም የማታውቅ ምስኪን ልጅ ናት፤ የሰጧትን ትሠራለች፣ በርሜልም ቢሆን ታጥባለች› አልኩት። በርሜል የሚያጸዳ ሰው አጥቻለሁ አለኝ። እግዜር ይስጠው።»

«ምንም አታውቅም አሉት?»

«ትሕትና ነው፣ ልጄ። ማወቅሽን ራሱ ቀስ ብሎ ይደርስበታል።»

«እዚህ አገር አላውቅም ያለ ሰው አያውቅም፣ ጋሼ! ማንም ቀስ ብሎ አይደርስበትም!»

«እኔም ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ የገባሁት እንዲህ ብዬ ነው።»

«ለዚያ ነዋ ሦስት ዓመት ሙሉ የአውሮፕላን ሳህን የሚያጥቡት!»

አቶ አስፋ ባርኔጣቸውን አጠለቁ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላም አልቆጫትም፤ ንዴቱ ገና አልወጣላትም ነበር። ቦስሃርት ሙያውን የተማረው ፈረንሳይኛ በሚነገርበት በሎዛን መሆኑን ሰምታለች። በፈረንሳይኛ ጀመረችው።

«በርሜል አላጥብም። ሁለት ዓመት ጄኔቭ ወይን ገርዣለሁ። እዚያ መሬቱ ለጥ ያለ ነው፤ የሚያስቸግረው በሐይቁ ላይ የሚመጣው ነፋስ ነው። እዚህ ሌላ ነው። በዙሪክ ሐይቅ ዳር ያለው ወይን ፀሐይ ሁለቴ ያገኛል፣ አንዴ ከሰማይ፣ አንዴ ከውሃው፤ ዘግይቶ የሚበስለው ነጭ እንኳ ይደርሳል። በሰሜን፣ ራይን ወንዝ አጠገብ፣ ዝናቡ ያንሳል፤ ቀዩ የሚያምረው እዚያ ነው። ይሄ የሊማት ሸለቆ ነው። ተዳፋቱ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሯል፣ ጥሩ። ግን ጉሙ እስከ ረፋድ አይነሣም፤ ብርዱም እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ እታች ይተኛል።» ጣቷን ቀሰረች። «እነዚያን የታችኞቹን ረድፎች ገና በጥር የገረዛቸው ማን ነው?»

ቦስሃርት ጣቷን ተከትሎ ወደ ታች ተመለከተ።

«ቀድሞ የተገረዘ ቀድሞ ያቆጠቁጣል። የሚያዝያ ውርጭ ሲመጣ እነሱን ነው የሚያቃጥለው። ከላይ ተጀምሮ፣ የታቹ ለመጨረሻ መቆየት ነበረበት። በርሜል ማጠብ ያለበት ይህን የማያውቅ ሰው ነው!»

እሸለቆው ውስጥ ባቡር አለፈ።

«እኔ ነኝ የገረዝኳቸው» አለ ቦስሃርት።

ፊቷን አልፈታችም። እሱም መቀሱን ዘረጋላትና ያልተነካ ግንድ በአገጩ አመለከታት። አንድ ጊዜ ዞረችው። አምና ከበቀሉት ቅርንጫፎች ሁለቱን መርጣ የቀረውን በአራት ቁርጥ አወረደችው። ቦስሃርት ጎንበስ ብሎ እያንዳንዱን ቁርጥ አየ።

«ሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት» አለ። «ለግረዛ።»

ፈረንሳይኛ የማያውቁት አቶ አስፋ ጠጋ አሉ። «ምን አለሽ?»

«ሰኞ ጀምሪ አለኝ። ለግረዛ።»

ፊታቸው በራ። «አየሽ? ትሕትናዬ ገባው!»

መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ቦስሃርት ዘንድ ደርሰዋል። እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ጎንበስ፣ ቀና፣ ደግሞ ጎንበስ ይላሉ። ሰውየው እጁን እንዴት እንደሚያስለቅቅ ጨንቆት በትከሻቸው ላይ አሻግሮ ያያታል።

ጥሩወርቅ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። የሚቀጥለውን ግንድ ያዘችና በኃይል ቆረጠችው። ከቁርጡ ጫፍ ላይ ውሃ የመሰለ ነገር አቀረረ፣ ሞላ፣ ጠብ አለ።