ዘይት ወዳድ

ወጡ ውስጥ የጨመረችው መርዝ ዘይት እንደሚወድ ታውቃለች። የምትሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ መርዙን ከዘይትና ከውሃ ጋር ባንድ ጠርሙስ አድርጋ ስትንጠው፣ ሲረጋ አብዛኛው መርዝ ወደ ዘይቱ ይሄዳል፤ ውሃው ውስጥ የሚቀረው ለመግደል አይበቃም።

ባሏም ዘይት ይወዳል። ሁሌ ከወጡ ላይ የተንሳፈፈውን ጠርጎ ይበላና ለእሷ ቀጭኑን መረቅ ይተውላታል።

ትናንት በቡጢ የፊት ጥርሷን አውልቆታል። ዛሬ ምሳ አቀረበችለትና እንዳይጠረጥር አብራው ተቀመጠች። ከሥር ከሥሩ ልትበላ ነው።

ያበጠ ከንፈሯን ሲያይ ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ።

«ይቅር በይኝ የኔ እናት» አለ። እንጀራውን ዘይቱ ላይ አገላብጦ ጠቀለለና ወደ አፏ ዘረጋው።

እምቢ ብትል ይጠረጥራል። ዋጠችው።

«አንድማ ያጣላል!» አለና ሁለተኛውን አጠቀሰ።