ጎንበስ የማይለው አማች

ከፕራሶጆ ፊት የቀሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ በጉልበቱ እየተንፏቀቀ ወደ ወንበሩ ይጠጋል፣ ግንባሩን በፕራሶጆ አማት በእማማ ሩክሚኒ ጉልበት ላይ ይደፋል፣ «የታየውንም የተሰወረውንም በደሌን ይማሩኝ» ይላል፣ ተመርቆ ይነሳል። ታናሽ ሁሉ ታላቁን ተንበርክኮ ይቅርታ የሚጠይቅበት የኢድ ጠዋት ነው። ፕራሶጆም እንደ ሰው ሁሉ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኳል፤ ከወገቡ በላይ ግን እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ ቀርቷል።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ እኮ ባቡር አያልፍም። ዝቅ በል!» አለች ከኋላው የሚስቱ እህት። ቤቱ ሳቀ።

የባቡር ማቋረጫ ጠባቂ ነው። ባለፉት አራት ዓመታት ኢድ በመጣ ቁጥር የባልደረቦቹን ተራ ለምኖ ይወስድና መዝጊያውን ሲያወርድና ሲያነሳ ይውል ነበር። የአማቱ ቤተሰቦች መጀመሪያ «ታታሪ ነው» አሉ። በኋላ «ትዕቢተኛ ነው» ማለት ጀመሩ፤ በሽማግሌ ፊት ሲያልፍ እንኳ ጎንበስ የማይል፣ ዘንግ የዋጠ። ዘንድሮ ሚስቱ ወኒንግ አለቀሰችበት። «እናቴ ሳትመርቅህ ብትሞትስ?» አለችው። መጣ።

ወኒንግ ወገቡን እንደሚያመው ታውቃለች። ባለፈው ወር ሐኪም ቤት የተባለውን ግን አልነገራትም። የበሽታውን ስም፣ አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይቲስ የሚሉትን ምላስ የሚያስር ስም፣ ከለመደው ስምንት ዓመት ሆኖታል። የአሁኑ ሌላ ነበር። «አከርካሪህ ተጣብቆ እንደ ቀርከሃ አንድ ወጥ ሆኗል» አለችው ሐኪሟ። «ውስጡ ደግሞ ሳስቷል። ጠንካራ ይመስላል እንጂ በትንሽ ነገር ሊሰበር ይችላል። እንዳትወድቅ። ማንም እንዳይጫንህ፣ እንዳያሽህ። በተለይ አንገትህን።»

ያን ቀን የአጥንት ጥንካሬ መለኪያው ክፍል በር ላይ የተቀመጡት በሙሉ አሮጊቶች ነበሩ። አንዷ ፈገግ ብለው «ማንን ይዘህ መጣህ ልጄ?» አሉት።

«አማቴን» አላቸው። በሠላሳ አምስት ዓመቱ። ስሙ ተጠርቶ ብቻውን ሲገባ ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩለት።

አሁን ምንጣፉ ላይ ተራው ደረሰ።

በጉልበቱ ተጠጋ። ከዳሌው እንደ ምንም ዘመም አለ፤ ግንባሩ ከአማቱ ጉልበት አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቀረ። «የታየውንም የተሰወረውንም…» ድምፁ ከጭንቅላታቸው በላይ አልፎ ግድግዳው ላይ የሚያርፍ መሰለው። እማማ ሩክሚኒ እጃቸውን ለምርቃት አላነሱም። ይጠብቃሉ።

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ይቅርታ ነው!» አሉ አጎት ካርዮ ከጎን። የአማቱ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በቀልዳቸው የማይስቅ የለም። «ማጠፊያው ዝጎበት ነው። ቆይ፣ የባቡር ሰው፣ እኔ ላግዝህ!»

ሰፊ መዳፋቸው ማጅራቱ ላይ አረፈ። ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል፤ ሞቃት ነው፣ ክፋት የለበትም። ፕራሶጆ «አይ፣ እኔ…» ብሎ ሳይጨርስ እጁ ከበደ። ወደ ታች ተጫኑት።

አንገቱ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ አለ።

«ልቀቀኝ፣ አንተ!»

ሳቁ ተቆረጠ። አጎት ካርዮን ልጆቻቸው ቀርቶ ሚስታቸው እንኳ «አንተ» ብላቸው አታውቅም። እጃቸውን አነሱ፤ ግን የት እንደሚያደርጉት የጠፋቸው ይመስል አየር ላይ ቀረ።

ፕራሶጆ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። ታዘዙለት። የእግሮቹንም ሞከረ። ደኅና ነው፣ አልተሰበረም። እፎይ ሊል ሲገባው ፊቱ ነደደ። ተሰብሬ ቢሆን ይሻል ነበር ብሎ አሰበ፤ ቢያንስ የተናገርኩትን ይረሱት ነበር።

አንገቱ ስለማይዞር ሽማግሌውን ለማየት ከነጉልበቱ መዞር ነበረበት። ዞረ።

«ይማሩኝ አጎቴ። አፌ ነው። አጥንቴ… አጥንቴ ባዶ ሆኗል። እንደ አሮጊት። ከተጫኑት ይሰበራል አሉኝ።»

«መቼ ነው ያሉህ?» አለች ወኒንግ ከኋላ፣ ለብቻዋ እንደምታወራ ቀስ ብላ።

 

የወንበሩ እንጨት ሲንቋቋ ሰማ። እማማ ሩክሚኒ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ተነሱ፤ ከዚያ አንድ እጃቸውን በፕራሶጆ ትከሻ ላይ ደገፍ አድርገው ወደ ምንጣፉ ወረዱ። አማቱ ከፊቱ መሬት ላይ!

«ኧረ እማማ፣ በአላህ! ኧረ ይነሡ!»

«ዝም በል» አሉት። «አራት ዓመት ሙሉ የናቅከኝ መስሎኝ ነበር እኮ።»

እጁን ያዙ። ከትከሻቸው በላይ አሳልፈው ጀርባቸው ላይ ከደረቡት ሻርፕ ሥር ከተቱት።

«በዚህ ሙቀት ይሄንን የምደርበው በርዶኝ ይመስልሃል?»

መዳፉ የጀርባቸውን ጉብታ አገኘ። በስሱ ቀሚስ ሥር አጥንቶቹ ተደርድረው ይቆጠራሉ። እጁን ሊያነሳ ፈለገ፤ እሳቸው አልለቀቁትም። ከዚያ ጀርባቸው በመዳፉ ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ይሳቁ ያልቅሱ አላወቀም። ዝቅ ብሎ እንዳያያቸው አንገቱ አልታጠፈለትም፤ ፊት ለፊቱ የሚታየው ባዶው ወንበር ብቻ ነበር።