ጀልባዋ ስታጋድል

ኦስሎ ከገቡ ስንት ዘመናቸው፤ የእንግሊዝ አገር ወሬ ከተነሳ ግን አቶ ዓምሃን የሚያቆማቸው የለም። በወጣትነታቸው ከጓደኛቸው ከኃይለአብ ጋር ቦይ ዳር በታሰረች ጀልባ ውስጥ ይኖሩ ነበር።

«በር የሚያንኳኳ አልነበረም» አሏት ልጃቸውን አይዳን። «ሰው ጀልባዋን ሲረግጣት ወደ እሱ ታጋድላለች። እኛም ከውስጥ ሆነን ‹ግባ› እንላለን።»

«ጋሽ ኃይለአብስ?»

«ቦዩ የሚገባበት ወንዝ ከባሕር ጋር ወደሚገናኝበት ወረደ፤ የባሕር ወፎች ሊያይ። በዚያው ቀረ።»

ብርጭቋቸው ውስጥ ያለው ሻይ ቀስ ብሎ ወደ በሩ አዘነበለ። ያሉት ግን ቶየን በሚባለው የኦስሎ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

አይዳ ጠረጴዛውን ያዘች። «አባዬ...»

አቶ ዓምሃን ግን የድሮ ልማድ ቀደማቸው። «ግባ» አሉ።

ሻዩ ተስተካከለ። ከአይዳ አጠገብ ባዶ የነበረው የሶፋው መቀመጫ ቀስ ብሎ ሰረጎደ።