ከበደች የማትነካው ዶቃ

ዶቃው እንደገና በጎኑ ተኛ። ፈናን ክሩን ወጥራ ብታነሳው ሰማያዊው ወደ ቀኝ፣ ቢጫው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ሰፊው ቀዳዳ ገሃድ ወጥቶ ያፈጣል። በሩ ላይ የቆመችው እናቷ ከበደች ይህን አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«ሀርሜ፣ ካልረዳሽኝ አትቁሚብኝ። ብርሃኑን ጋረድሽብኝ።»

«እኔ ምኑንም አላየሁ፤ ድስት ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች ከበደች። ድስቱን ሳትወስድ ወጣች።

ግቢው ውስጥ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ድንኳኑን ያርገበግበዋል። የፈናን ሠርግ ነገ ነው። የጸሎት ቡድናቸው መሪ ፋናዬ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ትከትፋለች። ከበደች አጠገባቸው ተቀመጠች፣ አንድ ሽንኩርት ላጠች፣ ተነሳች። የሚነደውን እሳት ቆሰቆሰች፣ ማንም ያላዘዛትን ውሃ አመጣች።

«ምነው እህት ከበደች፣ ቁንጫ እንደገባበት ሰው መቀመጥ እምቢ አለሽ?» አለቻት ፋናዬ። ሴቶቹ ሳቁ። ከበደችም አብራ ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም።

ቁንጫዋማ ጓዳ ውስጥ ናት። ዶቃው የከበደች እናት የሶረቲ ነው፤ በእጅ የተሠራ፣ አንዱ ከአንዱ የማይመሳሰል፣ ወፍራም የብርጭቆ ዶቃ። ከበደች ጌታን በተቀበለችበት ዘመን ጨሌ የመንፈስ እቃ ነው ተብሎ ከየቤቱ ሲጣል፣ እናቷን እንድታወልቀው ለምናት ነበር። አሮጊቷ «እምነትሽ ያንቺ፣ አንገቴ የኔ» ብላ እስክትሞት አላወለቀችውም። ስትሞት ለልጅ ልጇ ተወችላት፤ ክሩ በስብሶ፣ ዶቃው በጨርቅ ተቋጥሮ። አሁን ፈናን መልሴ ላይ ከባህል ልብሱ ጋር ካላደረግሁት ብላ ድርቅ አለች። ከበደችም «አልከለክልሽም፤ እጄ ግን አይነካውም» ብላ በጸሎት ቡድኑ ፊት ቃል ገባች።

ቃል ገብቶ መቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ የእናትን ዶቃ ሲያበላሹት እያዩ መቀመጥ ሌላ። ተመልሳ ገባች።

ፈናን አሁን በየዶቃው መሃል ቋጠሮ ጥላለች። ቋጠሮው በሰፊው ቀዳዳ ሹልክ ብሎ ያልፋል። ብትናደድ ጥጥ ጠቅልላ ወተፈችበት። ብርጭቆ ደግሞ ገመና አይሸፍንም፤ ጥጡ ከውስጥ ነጭ ሆኖ ታየ።

«ቁስል አስመሰልሽው!» አለች ከበደች ሳታስበው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ከበደች እጆቿን ነጠላዋ ስር ደበቀች። መናገር መንካት አይደለም ብላ ለራሷ ፈረደች፤ ሰው ለራሱ ሲፈርድ ዳኛው መቼም ደግ ነው። «ክሩ ቀጭን ነው፣ ቀዳዳው ሰፊ። ሆዱ ባዶ ስለሆነ ነው የሚንከላወሰው። ጥቃቅኗን ዶቃ አስገቢና ሆዱን ሙይለት።»

«የቷን?»

«ያቺን፣ የቀሚስሽን ጫፍ ያስጌጥሽባትን። በቀዳዳው ልክ የምትገባውን ምረጪ። መጀመሪያ እሷን ክሩ ላይ ደርድሪ፣ ትልቁን ከላይ አልብሻት። እንደሱ አይደለም! አፉ ድረስ ይሙላ እንጂ፣ ልጄ!»

እየተናገረች ቀረበች፣ እየቀረበች ጎንበስ አለች። ፈናን የክሩን ጫፍ በምራቋ ልታረጥብ ወደ አፏ ስትወስድ ሌላው ጫፍ ከጣቷ አመለጠ። ዶቃው መፍሰስ ጀመረ። የከበደች እጆች ከነጠላው ስር መቼ እንደወጡ እሷም አታውቅም፤ ዶቃዎቹ ግን መዳፏ ላይ ነበሩ።

ፈናን ክሩን ቀስ ብላ ወደ እናቷ አስጠጋችላት። ይህን ብልሃት ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ።

ዶቃዎቹ ከባዶች ነበሩ፤ በልጅነቷ እናቷ እግር ስር ተቀምጣ ስታቀብላት ይከብዷት እንደነበረው። አረንጓዴው ከሰማያዊው ቀድሞ እንደሚገባ ጣቶቿ አልረሱም። እናቷ ናፈቀቻት፤ እንዲህ ትናፍቀኛለች ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ተቀመጠችና መሰካት ጀመረች፤ ጥቃቅኗ ከውስጥ፣ ትልቁ ከላይ። ያቺ ጠዋቱን ሙሉ መቀመጫ ያጣች ሴት እስክትጨርስ ከቦታዋ አልተነሳችም።

«ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ቀጥ ይላል፤ አንገት ላይ ነው የሚፈተነው» አለች። እናቷ በእሷ አንገት ትፈትን እንደነበረው፣ ሐብሉን በራሷ አንገት ላይ አደረገችና ጀርባዋን ለልጇ ሰጠች። «ያዢልኝ።»

ፈናን የክሩን ሁለት ጫፎች ማጅራቷ ላይ ያዘች። ከበደች ወደ ግራ ዞር አለች፣ ወደ ቀኝ። አንዱም ዶቃ አልተንጋደደም።

ይሄኔ ፋናዬ ሌላ ቢላዋ ፈልጋ ገባች።

ከበደች ነጠላዋን ልትከናነብ እጇን አነሳች። «ሀርሜ፣ አትንቀሳቀሺ! ገና አልቋጠርኩትም!» አለች ፈናን ከኋላዋ። አንዴ ፈንጠር ብትል የእናቷ ዶቃ ሲሚንቶው ላይ መርገፉ ነው። እጇን አወረደች።

«የእናቴ ነው» አለች።

ፋናዬ ቀረበች፣ በሽንኩርት የራሰ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች፣ የመሃለኛውን ዶቃ ነካ አደረገችው። አልነቃነቅ አለ።

«የኛ ቀይ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እናቴ እያየችኝ ወንዝ ውስጥ የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ባዶ አንገቷን ዳሰሰች። ከዚያ ወደ ፈናን ዞራ ተቆጣች፦ «አንቺ ልጅ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ሳያመልጥሽ ቋጥሪው እንጂ!»