ከግራ የሚመጣው ድምፅ

አራት ጓደኛሞች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጡረተኛው መምህር ሳሎን ይሰበሰባሉ። የሚሰበሰቡት አንድ አልበም ለመስማት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ያንኑ አንድ አልበም።

አልበሙ ዘፋኝ የለውም፤ ከበሮም የለውም። ከአርባ ዓመት በፊት አንድ ሰው በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ብቻውን የሠራው፣ እንደ ጉም ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ ሙዚቃ ነው። የመምህሩ ጎረቤት አንድ ቀን ገብታ ግማሽ ሰዓት ካዳመጠች በኋላ «መቼ ነው የሚጀምረው?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ አልተጋበዘችም።

ደንቡ ጥብቅ ነው። መጋረጃው ይዘጋል፤ ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሸክላው እስኪያልቅ የሚናገር የለም። ከአራቱ አንድ ሰው ከጎደለ ሸክላው ከማቀፊያው አይወጣም። መምህሩ እንኳ መርፌው እንዳይበላው እየሳሳ ብቻውን አያጫውተውም። በመጨረሻ እያንዳንዱ አስተያየቱን ይሰጣል፤ መምህሩም በደብተር ይጽፋል። አሁን ዘጠነኛው ደብተር ላይ ደርሷል።

አስተያየቱ ሁሉ የሚዞረው በሁለተኛው ገጽ ላይ ባለ አንድ ድምፅ ዙሪያ ነው። ወፍራም፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው፤ ከግራው ስፒከር በኩል ይመጣል። አንዳንድ ቅዳሜ ቶሎ፣ አንዳንዴ ደግሞ ዘግይቶ የሚመጣ ይመስላል። የታላቅ ሥራ ምልክቱ ይኸው ነው ይላል መምህሩ።

የጥርስ ሐኪሟ አስተያየት እንዲህ ተጽፏል፦ «ይነሳል፣ ይነሳልና ድንገት ይቆማል። አለቀለት ስትሉ እንደገና ይነሳል። ሞትና ትንሣኤ ነው።»

የአውቶቡስ ሾፌሩ ደግሞ «ሙሉ ሰው ጭኖ ዳገት የሚወጣ አውቶቡስ ነው፤ ግን ነፍስ አለው» ብሏል።

አራተኛው መነጽር ሠሪው ነው። ወገቡን ስለሚያመው ከግራው ስፒከር አጠገብ ያለው ለስላሳ ወንበር ለሱ ተለቋል። ሙዚቃው ሲያልቅ ዓይኑን መጨረሻ ላይ የሚገልጠው እሱ ነው። አስተያየቱም ሃያ ዓመት አልተለወጠም፦ «በጣም ያረካል። ያ የምትሉትን ድምፅ ግን እኔ ሰምቼው አላውቅም።»

«ለሰው ዓይን መነጽር ትሠራለህ፤ ለራስህ ጆሮ ግን አጣህለት!» ይለዋል ሾፌሩ። ይሳሳቃሉ።

አንድ ጊዜ አልበሙ በሬዲዮ ተላለፈ። ድምፁ የለም። መምህሩ ግን ደረቱን ነፋ። «ያ ቅጂ ነው። የኔ የመጀመሪያው እትም ነው» አለ። ወሬው ተሰማና አንድ የሸክላ ሰብሳቢ ሁለት ጊዜ መጥቶ እንዲሸጥለት ለመነው። መምህሩ እንቢ አለ። ሰብሳቢው ወፍራም መነጽር ያደርጋል፤ መነጽሩን የሠራለት ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ዘንድሮ መነጽር ሠሪው እንደየዓመቱ ሸክላውን በመስታወት ማጽጃው ሊያጥበው ወደ ቤቱ ወሰደው። በዚያው ሰሞን ለትንሽ ኦፕሬሽን ሆስፒታል ገባ፤ ሸክላውም ሦስት ሳምንት እሱ ቤት ከረመ። ከዚያ ፊቱ ትንሽ አብጦ፣ ሸክላውን በብብቱ ይዞ፣ ፈገግ እያለ መጣ።

መጋረጃው ተዘጋ። ሁለተኛው ገጽ ተጀመረ። አሥር ደቂቃ፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ። ድምፁ አልመጣም።

መምህሩ ደንብ አፍርሶ ገጹን እንደገና አስጀመረው። አሁንም ጉሙ ብቻ ነው።

ሐኪሟና ሾፌሩ መምህሩን ወደ ኩሽና ወስደው ተንሾካሾኩ። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለ ሾፌሩ። «ለዚያ ሰብሳቢ ሰጥቶት ቅጂውን አመጣልን።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና መነጽር ሠሪው ሳሎን ውስጥ ዓይኑን እያሸ በሰላም ተቀምጧል። «በጣም ያረካል» አለ ሲመለሱ።

«ዋናውን የት አደረስከው?» አለ መምህሩ።

«የምን ዋና?»

«ድምፁ የለም! ሸክላውን ቀይረኸዋል!»

«እኔ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው! አጥቤ ያመጣሁት ያንኑ ነው!»

«እስከ ቅዳሜ ካላመጣኸው ያ ወንበር ያንተ አይደለም።»

መነጽር ሠሪው አንድ በአንድ አያቸው። የሚያዝንለት ፊት አላገኘም። ኮቱን ረስቶ ወጣ።

መምህሩና መነጽር ሠሪው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ተቀምጠው የተማሩ ናቸው። መምህሩ ሲያገባ ሚዜው እሱ ነበር፤ ሚስቱን ሲቀብርም ክንዱን የያዘው እሱ ነው። የዚያን ቅዳሜ ማታ መምህሩ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፦ «ዛሬ ድምፁ የለም። ጓደኛም የለም።»

እሑድ ጠዋት አላስችል አለው። የተረሳውን ኮት አንጠልጥሎ ሄደ። አንድም ሸክላውን ይቀበላል፣ አንድም በሩ ላይ ተጣልቶ ይመለሳል፤ ንግግሩን መንገድ ላይ ሲያጠና ነው የሄደው። የመነጽር ሠሪው ሚስት ከፈተችለት። ስለ ጠቡ የሰማችው ነገር የለም።

«ይግቡ ጋሼ! ትናንት ምን ሆኖ እንደመጣ እንጃ፣ እራትም አልበላ፣ ሌሊቱንም ሲገላበጥ አደረ። ይኸው አሁን እንቅልፍ ጣለው።»

መነጽር ሠሪው ሶፋ ላይ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ክፍሉ ጸጥ ብሏል፤ የግድግዳው ሰዓት ብቻ ይሰማል። መምህሩ ያጠናው ንግግር ጠፋበት። ኮቱን ወንበር ላይ አደረገና በሹክሹክታ «አትቀስቅሺው፣ ሌላ ጊዜ እመጣለሁ» አላት።

ሴትዮዋ ሳቀች። «ኧረ ምን ያንሾካሽክዎታል ጋሼ፣ እሱ እንደሆነ አንዴ ከተኛ መድፍ አይቀሰቅሰው፤ ደግሞ አፍንጫውን ኦፕሬሽን ከተደረገ ወዲህ ነው እንጂ ቤታችን ጸጥ ያለው፣ በፊትማ ይነሳል፣ ይነሳልና ድንገት ይቆማል፣ አለቀለት ብዬ ስደነግጥ እንደገና ይነሳል!»